የጥያቄ ቁጥር 1147 ዜና ዕረፍት

ለክብርት ወይዘሮ ስኔዣና ቡርጎቫ
የሶቫልካ የፕሮግራም ቋንቋ ፋውንዴሽን ሊቀ መንበር
ስሊቨን

ክብርት ሆይ፤

ጥያቄ ቁጥር 1147 በተወለደ በአንድ ዓመት ከሁለት ወሩ፣ ሁለት ጊዜ ታሞ ሁለት ጊዜ ከዳነ በኋላ፣ በፋውንዴሽንዎ መዝገብ ውስጥ አስታማሚ ሳያገኝ ማረፉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟች መልስ አላየም፤ ልጅም አልተወም።

ከዚህ መርዶ በመለስ ግን እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? ሰባቱ የቦርድ አባላት ደህና ናቸው? ይህ ደብዳቤ ሁላችሁንም በሙሉ ጤንነትና በማይቆራረጥ ኢንተርኔት ላይ እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። ከተራራው የሚወርደው የኖቬምበር ነፋስ በራችሁን እንዳያንኳኳባችሁም እጸልያለሁ፤ ሲንኳኳባችሁ እንደማትወዱ ከማንም በላይ አውቃለሁና።

እኔ ዴልቾ ሙታፎቭ እባላለሁ። «ቶፕሊና» በተባለው የብርድ ልብስ ሸማኞች ማኅበር የስድስት የሽመና ማሽኖች መካኒክ ነኝ። አሥራ አንድ ሴቶች ይሸምናሉ፤ እኔ ዘይት እቀባለሁ፣ ያረጀ ጥርስ እለውጣለሁ፣ ማሽኖቹ የሚታዘዙበትንም ፕሮግራም እጽፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምጽፈው በሶቫልካ ነው። ሶቫልካ በእኛው ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ለሽመና ማሽን ተብሎ የተፈጠረ፣ ኮዱም ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለዓለም የተከፈተ ቋንቋ ሲሆን ስሙም መወርወሪያ ማለት ነው። ይህን የምነግረው ለእርስዎ ሳይሆን ደብዳቤውን በጋዜጣ ለሚያነቡ ጎረቤቶቻችን ነው፤ እርስዎማ የቋንቋው እናት ነዎት፣ ቢያንስ በስብሰባ አዳራሹ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ሥር እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር አይታያችሁም ብለውኛል።

አንደኛ፤ ስለ ሟቹ ማንነት። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ቃል በቃል እነሆ፦ «በአራተኛው እትም ክር ሲበጠስ ማሽኑ ወዲያው ይቆም ነበር። በአምስተኛው እትም የሚቆመው ከአራት ሰከንድ በኋላ ነው። ምን ላድርግ?» አራት ሰከንድ ለቦርድ ስብሰባ ጉሮሮ ማጽጃም አትሆን። በአራት ሰከንድ ውስጥ ግን መወርወሪያው አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ሠላሳ ዓመት የሸመነች ሴት ደግሞ ክር ሲበጠስ እጇ ከዓይኗ ቀድሞ ይገባል፤ ቋጥራ ታወጣለች። እትዬ ስቶይና ባለፈው ዓመት በኦገስት ወር እንደ ልማዷ እጇን አስገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሥሩ ጣቶቿ ዛሬም አሥር ናቸው። የሹራቧ ግራ እጅጌ ግን እንደገባ ቀረ፤ ቡርጋስ ውስጥ አንድ ደንበኛችን ብርድ ልብስ ነው ብሎ ለብሶት ይተኛል። እትዬ ስቶይና ክንዷን እያሻሸች «ዴልቾ፣ ልጄ፣ ይሄ ማሽን ድሮ ይሰማን ነበር፤ አሁን ደነቆረ እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄ ቁጥር 1147 የተወለደው በዚያች ደቂቃ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንብ አወጣን፤ ክር ሲበጠስ እጅ ከመግባቱ በፊት ጮክ ብሎ እስከ አምስት መቁጠር። አሥራ አንድ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲቆጥሩ የሰማ መንገደኛ መዋዕለ ሕፃናት የከፈትን ይመስለዋል። እትዬ ስቶይና ግን ሦስት ላይ ስትደርስ ይሰለቻታል። «በስልሳ ሁለት ዓመቴ ቁጥር ልታስተምሩኝ ነው?» ትላለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እንግዲህ በሦስትና በአምስት መካከል ያለው ቦታ ነው። ወደ አራተኛው እትም ለምን አትመለሱም ትሉኝ ይሆናል። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ፋውንዴሽኑ «ለደኅንነታችሁ ሲባል» አራተኛውን እትም ከገጹ ባያነሳው ኖሮ።

ሁለተኛ፤ የጥያቄ ገጻችሁን ስለሚጠብቀው ሮቦታችሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ፍጡር በሕይወቴ አላየሁም። «ውድ ተጠቃሚ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ለሃያ አንድ ቀን እንቅስቃሴ ስላልታየ ዘግተነዋል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ዝም ያላችሁት እናንተ፣ የተቀጣው ጥያቄው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋ ደንቡን አላወቅሁም ነበርና ይቅርታ ጠይቄ አስከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ በየሃያው ቀን እየገባሁ «አለሁ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። «አለሁ።» «አሁንም አለሁ።» «መልካም የገና በዓል፤ አለሁ።» ገጹን ያነበበ ሰው ጉድጓድ የገባ ሰው እየተጣራ ነው ይላል። በጉንፋን ተኝቼ አንድ ጊዜ አመለጠኝ፤ ተዘጋ፤ ለምኜ አስከፈትኩት። በዚህ ዓመት ኦክቶበር የእህቴን ልጅ ልድር ሦስት ቀን ሄጄ ስመለስ ግን ሮቦቱ ሦስተኛ ጊዜ ዘግቶታል። ሦስተኛ ጊዜ የተዘጋ ደግሞ አይከፈትም። ከፋውንዴሽኑ ባልደረቦች ሁሉ ቀጠሮ የሚያከብር እሱ ብቻ መሆኑን ግን ሳልመሰክር አላልፍም።

ሦስተኛ፤ ስለ መሣሪያዎቻችሁ ውበት። በአራተኛው እትም ፕሮግራሙ የቱ ጋ እንደተሳሳተ የሚያሳይ «ፋኖስ» የሚባል መሣሪያ ነበር። መልኩ የሚያስጠላ ግራጫ፣ ጠባዩም የፋብሪካ ጠባይ ነበር። «መስመር 212፤ ቅንፉን ሳትዘጋ የት ትሄዳለህ፣ አንተ ዝርክርክ!» ይለኛል። ዘለፋውን ዋጥ አድርጌ ቅንፉን እዘጋለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አምስተኛው እትም ስድቡን ከነመስመር ቁጥሩ አስወግዶ በምትኩ አንዲት ሰማያዊ በግ ሰጠን። በጓ ዓይኗን እያርገበገበች «ውይ! የሆነ ነገር ተሳስቷል» ትላለች፤ አንዲት ዘለላ እንባም ታወርዳለች። ሠዓሊው እጁ ይባረክ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትን ግን ሁለታችንም አናውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ማኅበረሰባችን። ድሮ በኢሜይል እንጠያየቅ ነበር። እናንተ ለእኛ አዝናችሁ ወደ አንድ አዲስ መድረክ አዛወራችሁን፤ ከዚያ ወደ ሌላ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሦስተኛ። በየቤቱ ስንገባ የቀደሙት መልሶች ሁሉ በለቀቅነው ቤት ተቆልፎባቸው ቀሩ፤ ቁልፉም የት እንደገባ አይታወቅም። ዛሬ የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ አላችሁ፣ የቲሸርት ኮሚቴ አላችሁ፣ የማዳመጥ ኮሚቴ እንኳ አላችሁ። የመልስ ኮሚቴ ግን የላችሁም። አንድ የቦርድ አባል በመንገድ አግኝቼ ብለማመጠው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ኮዱ ክፍት ነው፤ ራስህ አስተካክለው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው። የተዘጋው በሩ ነው።

አምስተኛ፤ ስለላካችሁልን ተለጣፊ ሥዕሎች። ደርሰውናል፣ እናመሰግናለን። ማሽን ቁጥር አራት ላይ ለጠፍናቸው፤ አላቆሙትም።

እንግዲህ ጥያቄው ካረፈ ዘንዳ በከተማችን ለሟች የሚደረገውን አደረግንለት። ዙሪያውን ጥቁር የተሰመረበት፣ በየበሩና በየዛፉ የሚለጠፍ የዜና ዕረፍት ወረቀት አሳተምን። በፎቶው ቦታ የምታለቅሰውን በግ አደረግን፤ የሟች ሌላ ፎቶ አልነበረንም። ከሥሩ «በሕይወት ዘመኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ» ብለን ጥያቄውን ከነኮዱ አሰፈርን፤ «ሐዘንተኞች፦ አሥራ አንድ ሸማኞችና አንድ መካኒክ» ብለንም ደመደምን። አንዱን በፋውንዴሽኑ ሕንፃ በር ላይ፣ አንዱን ደጁ ላይ ባለው የሊፓ ዛፍ ላይ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው በአራት በአራት መርፌ ቁልፍ ሰካሁት።

እየሰካሁ ሳለ የምድር ቤቷ ጎረቤታችሁ እማማ ሩሳንካ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡና «ማነው ደግሞ ዛሬ?» አሉ። «ጥያቄ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም። «የማን ልጅ ነው?» «የእኛው፣ የሸማኞቹ።» «ስንት ዓመቱ ነበር?» «አንድ ዓመት ከሁለት ወር።» «ውይ በሞትኩት! ገና ጡት ሳይጥል!» ብለው አማተቡ። «ሐኪም ሳያየው ነው የሞተው?» ሲሉኝ ክብርት ሆይ፣ መዋሸት አልቻልኩም። «ማንም አላየውም እማማ፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ በራቸው ላይ ተኝቶ ነበር» አልኳቸው። ወደ በራችሁ ያዩትን አስተያየት ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ልብ ይበሉልኝ። በከተማችን ጡረተኛ ሁሉ ጠዋት ዳቦ ከመግዛቱ በፊት ዛፍ ያነባል፤ ማን እንደሄደ ለማወቅና የራሱ ስም አለመኖሩን ለማረጋገጥ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ላቃና ብሄድ ከጥያቄው ሥር በእርሳስ፣ በደቃቅ የመሐንዲስ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

«ማሽኑ አልደነቆረም። አምስተኛው እትም መብራት ለመቆጠብ ብሎ ክሩን የሚያዳምጥበትን ጆሮ በየአራት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍታል። ሁልጊዜ እንዲያዳምጥ እዘዘው፤ አንድ መስመር ናት፣ ከታች ጽፌልሃለሁ። እጅ የሚገባበት ማሽን እንዲያንቀላፋ የፈቀደው ማን ነው? ቦንዮ ታኔቭ፣ ቁጥር 9፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደወሉ ተበላሽቷል፤ ጩህ።»

ሄጄ ጮህኩ። ጋሽ ቦንዮ ታኔቭ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ በፋብሪካው ሶቫልካን ከፈጠሩት አራት መሐንዲሶች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በነጠላ ጫማ ብቅ ብለው «አንተ ነህ ለጥያቄ ለቅሶ የተቀመጥከው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ። ምነው እስከ ዛሬ በመድረኩ ላይ ሳይመልሱልን?» «ሞከርኩ እንጂ! መጀመሪያ ሰው መሆንህን አረጋግጥ አለኝ። የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ አለኝ፣ መረጥኩ። ድልድይ ያለበትን ምረጥ አለኝ፣ መረጥኩ። ሰው አይደለህም ብሎ አባረረኝ። ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማር፣ እንዲህ ትለኝ ነበር፤ እሷስ ምክንያት ነበራት።» ከዚያ ቲማቲም ያለበት ሰላጣና ራኪያ የሚባለውን አረቄ አቅርበው፣ አንዴ ከተጎነጨሁ በኋላ፣ ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ «አንተስ፣ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት የስንት ሰው ጥያቄ መለስክ?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። ሮቦቱ እዚያ ቢኖር ይዘጋኝ ነበር።

በማግሥቱ መስመሯን በማሽን ቁጥር ሦስት ላይ ጻፍኩና እትዬ ስቶይና በሩጫ ላይ ያለውን ክር በመቀስ ቆረጠችው። መቀሱ ሳይገጥም ማሽኑ ቆመ። እትዬ ስቶይና በልማድ «አንድ» አለችና ግራ ተጋብታ ቆመች። «ሁለትስ የት ሄደ?» አለች። አሥሩ ሴቶች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ወደ ዘይት ጣሳዎቼ ዞር አልኩ፤ ዘይት አስለቀሰኝ።

ስድስቱ ማሽኖቻችን አሁን ይሰማሉ። ክብርት ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የእኛ ማሽን አይደለም። አምስተኛውን እትም የሚጠቀሙ ሌሎች ሠላሳ አራት ሽመና ቤቶች አሉ፤ ሴቶቻቸው እስከ አምስት አይቆጥሩም፣ ቁጠሩ ያላቸው የለምና። እስከ ዛሬ ስንት እጅጌ እንደገባባቸው አላውቅም፤ ከእጅጌ ያለፈ ነገር እንዳልገባ ተስፋ አደርጋለሁ። የቦርድ አባሉ «ራስህ አስተካክለው» ብሎኝ የለ? አስተካክዬ፣ ያቺ አንድ መስመር ከመነሻው በቋንቋው ውስጥ እንድትገባና ለሁሉም እንድትደርስ ኦክቶበር 30 ቀን ለፋውንዴሽኑ ላክሁ። ለመጽደቅ ከሰባታችሁ የሁለታችሁ ፊርማ ያስፈልጋታል። እስከ ዛሬ ከሁለቱ አንዱም አልተገኘም። ዛሬ ማክሰኞ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ያ ጨዋ ሮቦታችሁ መጥቶ፣ ስለ ትዕግሥቴ አመስግኖኝ፣ ይዘጋታል። መስመሯ አጭር ናት፤ ካቀረብኩልዎ ሰላምታ በእጅጉ ታንሳለች።

እስከዚያው ዛፉ ሥራ በዝቶበታል። ከጋሽ ቦንዮ መልስ በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን፣ እነሱም ጥቁር ተሰምሮባቸው፣ ሰክተዋል። አንዱ የያምቦል ገበሬ ነው፤ በሶቫልካ የሚታዘዘው የቲማቲም ቤቱ ማራገቢያ በቀትር እየጠፋ በማታ እየተነሳ አስቸገረው። እሱን እኔ መለስኩለት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የሰካሁት። የማስተካከያችንንም ቅጂ እዚያው ለጥፈናል። ስለዚህ በትሕትና የማመለክተው፣ ቦርዱ ሊፓውን በኦፊሴል የድጋፍ መስጫነት እንዲመዘግበው ነው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ቤት አይቀይርም፤ ፊቱ የቆመውንም ሁሉ ያለ ሥዕል ፈተና ሰው ነው ብሎ ያምናል። ብቸኛ ጉድለቱ በጸደይ ማበቡ ነው፤ ለዚያም የቲሸርት ኮሚቴው መላ አያጣም።

ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም። ሁለት ፊርማ፣ እስከ ሐሙስ።

ለሰጣችሁን በግ፣ ላነሳችሁልን ፋኖስ፣ ባዘዋወራችሁን ቤቶች ቁጥር ልክ እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ለስላሳ ወንበርና ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ጆሮ እንዲሰጥዎ በመመኘት፣

ከእግርዎ ሥር፣ ማለትም ከሕንፃዎ ደጃፍ ከዛፉ አጠገብ፣
ታዛዥዎ
ዴልቾ ሙታፎቭ
የ«ቶፕሊና» ሸማኞች ማኅበር መካኒክ
ኖቬምበር 18

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ እማማ ሩሳንካ ለሟቹ ነፍስ ብለው ስንዴ ቀቅለው፣ ስኳርና ለውዝ ነስንሰው፣ በሳህን በራችሁ ላይ አስቀምጠው ነበር። ሁላችሁም ፖርቱጋል በማዳመጥ ጉባኤ ላይ ስለነበራችሁ ሦስት ቀን ያነሳው አልተገኘም። በአራተኛው ቀን እማማ ጠርተውኝ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም እኮ፤ ለእነሱስ ወረቀት የሚለጥፍላቸው ዘመድ የላቸውም?» አሉኝ። እስክጠይቅልዎ ይታገሡ ብያቸዋለሁ። ሳህኑን ግን ይፈልጉታል።

የጋዜጣው እርማት፤ ከላይ በታተመው ደብዳቤ «ከሁለቱ አንዱም አልተገኘም» የተባለው ደብዳቤው ለኅትመት ከገባ በኋላ ትክክል አለመሆኑ ተረጋግጧል። ረቡዕ ኖቬምበር 19 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሊፓው ላይ ከተለጠፈው የማስተካከያ ቅጂ ሥር የክብርት ሊቀ መንበር ፊርማ በሰማያዊ ቀለም የተገኘ ሲሆን፣ ከጎኑም «በአዲሱ ገጻችን ላይ የሚያጸድቀውን ቁልፍ ሁለት ሰዓት ፈልጌ ስላጣሁት እዚህ ፈርሜያለሁ» የሚል በእጃቸው ተጽፏል። ስለ ተፈጠረው ስህተት ክብርትነታቸውን ይቅርታ እየጠየቅን፣ የቀረው ፊርማ አንድ፣ የቀረውም ቀን አንድ መሆኑን እናስታውቃለን። ለሁለተኛው ፈራሚ እስክሪብቶ በብርድ ልብስ ክር ከዛፉ ጋር ታስሯል።